ግልገል ድመት ለማን ትሰጥ?

ወጣቶች ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ስለ አንዲት በጣም ትንሽ ፍጡር ልከራከራችሁ ነው። ሚዛን ላይ ቢያወጧት አንድ ኪሎ አትሞላም፤ ዝናብ ሲዘንብ ጩኸትዋ አይሰማም። «መምህሩ ጡረታ ቢወጡ የሚጽፉት አጥተው ስለ ድመት ጻፉ» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ይበል። እኔ 36 ዓመት በክፍል ውስጥ ቆሜ ልጆች ሲያድጉ ስመለከት፥ የአንድ ልጅ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው ሊከሰው፥ ሊወቅሰውና ውለታውን ሊመልስለት በማይችል ፍጡር ላይ በሚያደርገው ነገር መሆኑን ስላየሁ፥ ነገሩን እንደ ትንሽ አልቈጥረውም።

ጠቤ ከጨካኞች ጋር አይደለም። ግልገሎቹን ከነነፍሳቸው በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ወንዝ ዳር የሚጥለውን ሰው የምገሥጽበት ቃል አላጣሁም፤ ነገር ግን እርሱ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ገልጦ አያነብምና ድካሜ ከንቱ ይሆናል። ጠቤ ከእናንተ ጋር ነው፤ ይኸውም ደግ ልብ ካላችሁት ጋር። ግልገሊቱን ከቦይ ውስጥ ታነሣላችሁ፤ በሹራባችሁ ጠቅልላችሁ ታሞቋታላችሁ፤ በእጅ ስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ለወዳጆቻችሁ ሁሉ ትልካላችሁ፤ ከዚያም መጀመሪያ «እኔ እወስዳታለሁ» ላለው ሰው፥ የት እንደሚኖር እንኳ ሳትጠይቁ፥ በካርቶን አድርጋችሁ ታስረክባላችሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ፥ ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ቀለል ብሏችሁ ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ያን ሌሊትም ደህና እንቅልፍ ትተኛላችሁ። እኔ የምለው፥ ይህ ቤት መፈለግ አይደለም፤ በሌላ ሰው እጅ መጣል ነው።

ቃሉ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምክንያቴን ላስረዳ።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ቤት ልትፈልጉላት የተነሣችሁት ግልገል በእውነት ቤት ያጣች መሆንዋን መርምራችኋልን? ድመት እንደ በግ በግልጽ ሜዳ አትወልድም፤ ከእንጨት ክምር ሥር፥ ከቆርቆሮ ኋላ፥ ከጣራ ውስጥ ተሸሽጋ ትወልዳለች። ቦታው ያሠጋት እንደ ሆነ ልጆችዋን በማጅራታቸው ይዛ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቦታ ታግዛለች። እንግዲህ አራት ግልገሎች ያሏት እናት ሦስተኛውን ልታደርስ ስትሄድ አራተኛው ለብቻው ቀርቶ ይጮኻል። በዚያን ጊዜ መንገደኛ መጥቶ «ወይኔ፥ እናት የሌለው ምስኪን» ብሎ አንሥቶት ይሄዳል፤ እናቲቱም ተመልሳ ስትመጣ ባዶ ቦታ ታገኛለች። ይህ ማዳን ይባላልን? ጎርፍ ወይም መኪና ወይም ውሻ የማያሠጋው ቦታ ላይ ያለ እንደ ሆነ፥ ራቅ ብላችሁ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። ሰው አጠገቡ ቆሞ ሳለ እናት አትመጣም።

እናቱን በእርግጥ ያጣ መሆኑን ካወቃችሁ ደግሞ ዕድሜውን እወቁ። የግልገል ድመት ዓይን የሚገለጠው በተወለደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እስከ አራት ሳምንት ድረስ የሚኖረው በወተት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች የገላውን ሙቀት እንኳ በሚገባ አይጠብቅም፤ እናቱ ካልላሰችው ሽንቱን አይሸናም። ስለዚህ ያን ያህል ትንሽ የሆነውን ያነሣ ሰው በየጥቂቱ ሰዓት፥ ሌሊትም ጭምር፥ ሊነሣለት፥ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅም ሊጠርገው ነው። አስቀድሞ ማሞቅ፥ ከዚያ በኋላ ማብላት ነው፤ የበረደው ግልገል የጠጣውን ወተት አይፈጨውም። የላም ወተትም ብዙውን ጊዜ ተቅማጥ ያስይዘዋልና፥ ምን እንደሚሰጠው የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይሻላል። ከእናቱ ሊለይ የሚገባው ስምንት ሳምንት ያህል ሲሞላው ነው። በገበያ ቀን የአራት ሳምንት ግልገል «ለምዷል» ተብሎ ሲሰጥ ሳይ፥ ገና በታቹ ተረጋግቶ ያልተቀመጠን ሕፃን ለሎሌነት የሰጡት ይመስለኛል።

በመንገዴ አንድ ነገር ላሳስብ። ያነሣችሁት እንስሳ የነከሳችሁ ወይም የቧጨራችሁ እንደ ሆነ፥ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡትና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይይዛል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ የተወጋ ሰው ግን ይድናል። ደግ መሆን ሰውን ከጥንቃቄ ነፃ አያወጣም።

አሁን ወደ ምሳሌዬ ልምጣ። ዐምና በሐምሌ የጎረቤቴ ልጅ፥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፥ አንዲት ሰባት ሳምንት የሚሆናት ግልገል ከጎርፍ መውረጃ አውጥታ ይዛብኝ መጣች። ጡረተኛ ሥራ የለውም ተብሎ ስለሚታሰብ የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ባለቤቴ አስም ስላለባት ቤታችን ድመት ሊያሳድር አይችልም፤ ከግቢው ጥግ ባለችው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ግን ለጊዜው እንድትቈይ ተስማማን። ልጅቱ ጠዋትና ማታ ልታበላትና ልታጸዳላት፥ እኔም ቤት ልፈልግላት።

የመጀመሪያው ጠያቂ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለድኻ ሲፈጭ ሒሳቡን ሲምር በዓይኔ አይቻለሁ።

«መምህር፥ አይጥ እህሉን ጨረሰብኝ፤ ይህችን ይስጡኝ» አለ።

«ምን ታበላታለህ?» አልሁት።

«እንዴ! አይጥ ነዋ! ከጠገበች ምን ብላ ታድናለች? ማታ ወፍጮ ቤቱን እዘጋባታለሁ፤ ጠዋት ስከፍት ሥራዋን ሠርታ አገኛታለሁ።»

ይህ አሳብ የእርሱ ብቻ አይደለም። በከተማም በገጠርም፥ ድመት የተራበች እንደ ሆነ ብቻ አይጥ እንደምትይዝ የሚያምነው ሰው ይበዛል። ነገር ግን ሐሰት ነው። በ1976 (ይህንና ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምቈጥራቸው) የታተመ አንድ ጥናት ድመቶች የሚወዱትን ምግብ እየበሉ ሳሉ አይጥ ቢያሳዩአቸው፥ ምግባቸውን ትተው አይጢቱን ገድለው እንደገና ወደ ምግባቸው እንደሚመለሱ አሳይቷል። ማደን ለድመት የራስዋ ፍላጎት ነው፤ ሆድዋ ቢሞላም አይጠፋም። አባቶቻችንስ «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» ሲሉ ሌላ ምን ማለታቸው ነበር? ምንኵስና ያላስረሳትን ዐመል አንድ ቁራጭ ሥጋ ያስረሳታል ብሎ መፍራት የሚያስቅ ነው። የምትራበው ድመት ከወፍጮ ቤቱ ይልቅ የቆሻሻ ገንዳው ይሻላታልና ጥላው ትሄዳለች፤ የጠገበችው ግን ከቤትዋ አትርቅም፤ አይጡም ያለው እዚያው ነው። ይህች ግልገል ደግሞ ከወፍጮ ቤት ትልልቅ አይጦች አንዱ ቢይዛት የምትነከሰው እርስዋ ነበረች።

«መርዝስ ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አልፎ አልፎ፥ እህሉ ሲብስበት።»

መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ እየተንገዳገደ ይቈያል፤ ለድመትም ከእርሱ የቀለለ ግዳይ የለም። እርሱን የበላች ድመት መርዙን አብራ ትበላለች። ስለዚህ ሰውዬው በአንድ እጁ ድመት፥ በሌላው እጁ መርዝ ይዞ አይጥ ሊያጠፋ ነበር። አልሰጠሁትም። ምክንያቱን ስነግረው ተቈጣ፤ ለሁለት ሳምንትም ሰላምታ አልሰጠኝም።

ይህን ነገር ለአንድ ሙስሊም ጎረቤቴ ባጫውታቸው፥ በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች ውስጥ ስላለችው ሴት ነገሩኝ፤ ድመትዋን ዘግታባት፥ እርስዋም ሳታበላት፥ ወጥታ እንድትበላም ሳትለቃት በመቅረትዋ የተቀጣችውን ማለታቸው ነው። እኔም በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በቃል ያጠናሁትን የመጽሐፈ ምሳሌ 12ኛ ምዕራፍ፥ ስለ ጻድቅ ሰውና ስለ እንስሳው ነፍስ የሚናገረውን፥ አነሣሁላቸው። በዚህ ነገር ላይ በእኔና በእርሳቸው መካከል ምንም ክርክር አልነበረም።

ሁለተኛዋ ጠያቂ የሦስት ዓመት ልጅዋ የሚጫወትበት ነገር ፈልጋ የመጣች ሴት ነበረች። ልጁን አብራ አምጥታው ስለ ነበር መልሱን እርሱ ራሱ ሰጠን፤ የግልገሊቱን ጅራት ይዞ አንጠለጠላት። ሦስተኛዎቹ በመኪና መጥተው «ዘርዋ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ የቦይ ዘር ናት ብላቸው ሄዱ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ አራተኛው ነው። አዲስ ሥራ የያዘ፥ ንጹሕ፥ ጨዋ ወጣት ነበር። ስለ ምግቡም ስለ ማደሪያዋም የጠየቅሁትን ሁሉ በደንብ መለሰ። በመጨረሻ ግን «ወንድ ናት አይደል? ሴት ከሆነች አልፈልግም፤ ወልዳ ታስቸግረኛለች» አለ። ግልገሊቱ ጥቁር፥ ነጭና ብርቱካንማ ቀለም የተቀላቀለባት ነበረች፤ ባለ ሦስት ቀለም ድመት ደግሞ ከጥቂት በቀር ሁልጊዜ ሴት ናት፤ ይህን ለማወቅ ጅራትዋን ማንሣት እንኳ አያስፈልግም። በዚያ ሰዓት አብሮኝ የነበረ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝና «ወንድ ነው በለው! ይህን የመሰለ ቤት በምን ታገኛለህ? ካወቀ በኋላ ይለምዳታል» ብሎ ሹክ አለኝ።

ወጣቶች ሆይ፤ እንዲህ ያለው ምክር እናንተም ዘንድ ይመጣል። ለደግ ነገር የተነገረ ውሸት ኃጢአቱ ቀላል እንደ ሆነ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። እስቲ ውሸቱ የሚጎዳው ማንን እንደ ሆነ እንመልከት። እኔን አይጎዳኝም፤ ከእጄ ወጥታለችና። ወጣቱንም እጅግ አይጎዳውም፤ ሲያውቅ ያስወጣታል። የሚጎዳት ግልገሊቱን ነው፤ ምክንያቱም ልክ በምታረግዝበት ወራት፥ ከሁሉ ይልቅ ቤት በሚያስፈልጋት ጊዜ፥ ከበሩ ውጭ ትገኛለች። ሴት ድመት አራት ወር ካለፋት በኋላ ልታረግዝ ትችላለች፤ የምታረግዘው ዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው፤ ባንድ ጊዜ ሦስት፥ አራት፥ አምስት ትወልዳለች። እንግዲህ በሐምሌ አንዲት ግልገል «አዳንሁ» ያለ ሰው በሚቀጥለው ክረምት አምስት ግልገሎች በከረጢት ወንዝ ዳር እንዲጣሉ መንገድ አዘጋጅቶ ይሆናል። ለወጣቱ እውነቱን ነገርሁት። የእንስሳት ሐኪም በቀላል ቀዶ ሕክምና እንዳትወልድ ሊያደርጋት እንደሚችል፥ ለዚህም ከወጪው ግማሹን እኔ እንደምከፍል ጨመርሁለት። «ልሰብበት» ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። እውነት የተናገረ ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል ብዬ አላስተምራችሁም፤ በዚያ ቀን አላሸነፍሁምና።

አንዳንዶች እንስሳን ማምከን ተፈጥሮን መቃወም ነው ይላሉ። እነዚሁ ሰዎች በሬ አኮላሽተው ያርሳሉ፤ ሙክት አኮላሽተው ለፋሲካ ያርዳሉ። ተፈጥሮ የምትታሰባቸው ለድመት ሲሆን ብቻ ነው።

ስለ ምግቡ ብዙ መናገር ያስፈልገኛል፤ ምክንያቱም ሰዎች በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ድመታቸውን የሚጎዱት በዚህ ነው። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ይህ ምርጫዋ ሳይሆን አፈጣጠርዋ ነው። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንደ ውሻ በበቂ መጠን በገላዋ ውስጥ ልትሠራው አትችልም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ይህን ያጣች ድመት ዓይንዋ እየደከመ እንደሚጠፋ ሊቃውንት በ1975 አረጋገጡ፤ በ1987 ደግሞ ልብዋም እንደሚታመም በካሊፎርኒያ ታወቀ። እንግዲህ በእንጀራ ፍርፋሪና በሽሮ ብቻ የምትኖር ድመት የምትኖረው በምታድነው አይጥና ወፍ ነው እንጂ በጌታዋ ምጽዋት አይደለም። ወጥ የነካው እንጀራ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ያበላሻሉና። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት የሚሠራበትን ቤት እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ድመት ልውሰድ ብሎ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ የማልተወው ጥያቄ አለኝ፤ «በሁዳዴ ምን ታበላታለህ?» እላለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን እየቀለድሁ አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሌላውም አጽዋማት ሲጨመር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ቀን በብዙ ቤት ሥጋና ወተት አይገባም። ጾሙ የተሰጠው ለሰው ነው፤ ድመትዋ ግን ሳትጠየቅ አብራ ትጾማለች፤ የምትበላውም ከየትም ስታጣ ከጎረቤት ጓዳ ትሰርቃለች፤ ስትሰርቅ ደግሞ ትደበደባለች። ይህን ጥያቄ ሰምቶ «እውነትም፤ አላሰብሁትም» ያለ ሰው ግማሽ መንገድ መጥቷል። የሳቀው ሰው ገና አልተነሣም።

እንዲህ እያልሁ አራቱን ሁሉ ስመልስ ልጅቱ አንድ ማታ እያለቀሰች «ጋሼ፥ እንዲህ እየመረጡ ከሄዱ እኮ ማንም አይወስዳትም» አለችኝ። በዚህ ጽሑፍ ላይ ሊቀርብብኝ ከሚችለው ነቀፋ ሁሉ ብርቱው ይህ ነው፤ ስለዚህም አላቃልለውም። ጥያቄ የበዛበት በር ላይ ሰው አይቆምም። ስንት ግልገል ደግሞ መራጭ አስረካቢ እጅ ላይ ሆኖ ጊዜው ያልፍበታል! ግልገልነት አጭር ነው፤ ያደገችን ድመት የሚፈልግ ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገር ግን እስቲ ሒሳቡን በሙሉ እናስበው። መጠበቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ጠይቄ ስሰጥ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ የዕቃ ክፍሌ ይሸታል፥ ገንዘቤ ይወጣል፥ ጎረቤቴ ያኮርፈኛል። ሳልጠይቅ ስሰጥ ግን ዋጋውን የምትከፍለው እርስዋ ናት፤ እኔም አላየውም። ፈጥኖ የሚሰጥ ሰው ልቡ የሚያርፈው ግልገሊቱ ስለ ዳነች ሳይሆን ከዓይኑ ስለ ተሰወረች ነው። በ1860 ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት በለንደን ለጠፉ ውሾች ማረፊያ ቤት ስትከፍት ዘ ታይምስ የተባለው ታላቅ ጋዜጣ አፌዘባት። ያ ቤት በ1871 ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ፤ ከ1883 ጀምሮ ድመቶችንም ይቀበላል፤ ዛሬም አለ። እንስሳ ልውሰድ ብሎ የመጣን ሰው ስለ ቤቱና ስለ ኑሮው ሳይጠይቅ አይሰጥም፤ ሰዎችም መምጣታቸውን አልተዉም። ለልጅቱ ይህን ሁሉ አልነገርኋትም፤ «ዛሬ ማታ በረዳት? ተራበች?» ብዬ ብቻ ጠየቅኋት። «የለም» አለች። «እንግዲያስ ነገም እንፈልጋለን» አልኋት።

ሌላው ነቀፋ «ሰው ጎዳና ላይ እያደረ ስለ ድመት ቤት ታወራለህን?» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ ለልጆችዋ የምታበላው ያልሞላላት እናት ናት። እርስዋ «ድመት ቤቴ አላስገባም» ብትል ትክክል ናት፤ ማንም ሊወቅሳት አይገባም፤ የልጅቱም እናት ያለችው ይህንኑ ነበር። ሁለተኛው ግን ለጎዳና ልጅ አንድ ብር ሰጥቶ የማያውቅ፥ ድኻው ትዝ የሚለው ሌላው ሰው ለእንስሳ ሲራራ ባየ ጊዜ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ድኻውን እንደ ጋሻ ከፊቱ አቁሞ ስስቱን ከኋላው ይደብቃል። እንዲህ ያለውን ሰው «መልካም፤ ድመቲቱን ልተዋትና ነገ አብረን ለድኻ እንሥራ፤ በስንት ሰዓት ትመጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ክርክሩ በዚያው ያልቃል።

ታሪክም ቢሆን ከእርሱ ጋር አይስማማም። በ1824 ለንደን ውስጥ በአንድ ቡና ቤት ተሰብስበው በእንስሳት ላይ የሚደረገውን ጭካኔ የሚከላከል ማኅበር ካቋቋሙት መካከል ዊልያም ዊልበርፎርስና ቶማስ ፎዌል ባክስተን ነበሩ። ዊልበርፎርስ ማለት የእንግሊዝ ፓርላማ በ1807 የባሪያ ንግድን እስኪከለክል ድረስ ዓመታት ሙሉ የታገለ ሰው ነው፤ ባክስተንም ባርነቱ ራሱ በ1833 በሕግ እንዲሻር በፓርላማው ውስጥ ትግሉን የመራ ነው። በ1874 ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ ሜሪ ኤለን የምትባል የ10 ዓመት ያህል ልጅ አሳዳጊዋ እየደበደበች ስታሠቃያት፥ ይህን ያወቀች አንዲት በጎ አድራጊ ሴት የሚረዳት ብታጣ በመጨረሻ የሄደችው ወደ ሄንሪ በርግ ነው። በርግ በ1866 የአሜሪካን የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ያቋቋመ፥ በዚህም ምክንያት ብዙዎች የሚሣለቁበት ሰው ነበር። እርሱና ጠበቃው ልጅቱን በፍርድ ቤት አስለቀቋት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሕፃናት ጥበቃ ማኅበር ተቋቋመ። ለሰው የቆመው ክንድ ለፈረስና ለውሻ ከቆመው ክንድ የተለየ አልነበረም።

«ድመት ቤት እንጂ ሰው አትወድም» የሚለውንም አባባል ሳልነካ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሰፈር ሲፈርስና ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር ድመቱን ከፍርስራሹ ላይ ትቶ የሚሄድበት ምክንያት ሆኗልና አልተወውም። በ2019 በኦሪገን የሚገኙ ተመራማሪዎች ግልገል ድመቶችን ከአሳዳጊያቸው ጥቂት ለይተው መልሰው ሲያገናኟቸው፥ 64 በመቶ ያህሉ ልክ እንደ ሕፃን ልጅ በአሳዳጊያቸው መመለስ ተረጋግተው መጫወት ጀመሩ። ድመት ሰው ትወዳለች፤ ፍቅርዋን የምትገልጠው በእርስዋ ቋንቋ ነው እንጂ በውሻ ቋንቋ አይደለም። አዲስ ቤት የገባች እንደ ሆነ ግን ቦታው እስኪለመዳት ድረስ በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል መቈየት አለባት፤ በመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍቶ «ሄደችብኝ» ማለት ስንፍና ነው።

በ23ኛው ቀን ልጅቱ ወደ አንዲት ሽሮና በርበሬ አዘጋጅተው ወደሚሸጡ ብቻቸውን ወደሚኖሩ ሴት ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ግልገሊቱን አዩና «አልችልም» አሉ፤ እኔም አመስግኜ ተመለስሁ። «አልችልም» ብሎ በእውነት የሚመልስ ሰው ከሚቸኩለው ይሻላል። በስምንተኛው ቀን ግን እትዬ ራሳቸው በሬ ላይ መጡ። ያን ሁሉ ቀን ሲያስቡ ከርመው ኖሯል፤ እኔ ልጠይቃቸው ስል እርሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። ሌሊት ብትጮህ ምን ላድርግ? በርበሬው ዓይንዋን አያቃጥላትም ወይ? ሐኪሙ የት ነው? ድመት ስንት ዓመት ትኖራለች?

«ደህና ከተያዘች 15 ዓመት፥ ከዚያም በላይ» አልኋቸው።

«እኔ 66 ዓመቴ ነው፤ ብሞትስ ማን ይወስዳታል?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጅቱ «እኔ እወስዳታለሁ፤ ያን ጊዜ የራሴ ቤት ይኖረኛል» አለች። እኔም በበኩሌ፥ ያልቻሉ ቀን በማናቸውም ሰዓት ወደ እኔ እንዲመልሷት፥ ለምን ብዬም እንደማልጠይቅ ቃል ገባሁ። ግልገሊቱ በዚያ ሳምንት ሄደች። በርበሬው በሚደለዝበት ቀን ከግቢው ወዲያ ባለችው ክፍል ትዘጋለች። በኅዳር ሐኪሙ ዘንድ ወስደን እንዳትወልድ ተደረገች፤ ወጪውን ለሦስት ተካፈልን፤ የልጅቱ ድርሻ ከኪስዋ ያጠራቀመችው 100 ብር ነበር።

የሁዳዴውን ጥያቄ እትዬን አልጠየቅኋቸውም ነበር፤ የሚጾሙ ሰው መሆናቸውን እያወቅሁ አፍሬ ተውሁት። ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ራሳቸው አስጠሩኝ። ለድመቲቱ ለብቻዋ አንድ ትንሽ ብረት ድስት ገዝተው ከሌላው ዕቃ ለይተው ደጅ አስቀምጠውታል። የሰፈራችን ሥጋ ቤት እስከ ፋሲካ ስለሚዘጋ ሳንባው ከየት ይምጣ የሚለው ነበር ያስጨነቃቸው። የማይዘጋው የሙስሊም ሥጋ ቤት ከልጅቱ ትምህርት ቤት ማዶ መሆኑን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ለእርስዋ ነው እንጂ ለእኔ አይደል፤ ትግዛ» አሉ። ልጅቱ ረቡዕና ቅዳሜ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ታመጣለች።